የአረቢካ ቡና ስያሜና ስርጭት

አረቢካ ቡና (በሳይንሳዊ ስሙ ኮፊያ አራቢካ) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች በተፈጥሮ የሚበቅል የቡና ዝርያ ነው። በቦንጋ ዙሪያና በሌሎች የካፋ ዞን ወረዳዎች ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ይገኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ በአጎራባች ደቡብ ሱዳን በቦማ አምባ ዱር በቀል አረቢካ አለ። በብራዚል፣ በኮሎምቢያ ወይም በጃቫ የሚለማው አረቢካ ግን በሰው እጅ ተወስዶ የተተከለ መጤ ነው። ሆኖም ዝርያው በሳይንስ የሚጠራው በትውልድ ቦታው ሳይሆን በአረብ አገር ስም ነው።

ስያሜው

ዛሬ የሚሠራበትን ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። «አራቢካ» ማለት «የአረብ» ማለት ነው። ከሊኔየስ በፊት ፈረንሳዊው አንትዋን ደ ዡስዩ በአምስተርዳም የዕፅዋት ስፍራ ያደገ ቡና መርምሮ፣ የጃስሚን ወገን ስለመሰለው «የአረብ ጃስሚን» ብሎት ነበር። የቡና አበባም እንደ ጃስሚን ነጭና መዓዛው የሚያውድ ነው።

በዚያን ዘመን አውሮፓውያን ቡናን የሚያውቁት ከየመን የሞካ ወደብ በመርከብ ሲጫን ስለነበር አገሩ አረቢያ መሰላቸው። በዕፅዋት አሰያየም ደንብ መሠረት በትክክለኛው ሥርዓት የወጣ ስም፣ ትርጉሙ ከተክሉ አገር ጋር ስላልተስማማ ብቻ አይሻርም። ስለዚህ ስሙ እንዳለ ቀርቷል።

የአገሬው ስም ሌላ ነው። በካፍኛ «ቡኖ»፣ በአማርኛና በኦሮምኛ «ቡና» ይባላል። በአረብኛም ፍሬው «ቡን» ሲሆን መጠጡ «ቀህዋ» ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ካፌ»፣ «ኮፊ» እያሉ የሚጠሩት «ቀህዋ» በቱርክኛ በኩል ሲደርሳቸው ነው። ቃሉ ከካፋ ስም እንደመጣ በኢትዮጵያ በሰፊው ቢነገርም የቋንቋ ተመራማሪዎች በዚህ አይስማሙም። የዝርያው አገር ኢትዮጵያ መሆኑ ግን በስሙ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ማስረጃው በደኑ ውስጥ ያለው ቡና ራሱ ነው።

ስርጭቱ

ቡና ከኢትዮጵያ መጀመሪያ የተሻገረው ወደ የመን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ጸሎት እንዲያነቃቸው ይጠጡት ነበር። ከዚያ በኋላ ተክሉ በሁለት ዋና መንገዶች ተሰራጨ።

የመጀመሪያው መንገድ የሆላንዶች ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቡናን ወደ ጃቫ ወሰዱ፤ ከጃቫም እ.ኤ.አ. በ1706 አንድ ተክል ወደ አምስተርዳም ተላከ። የዚህ ዘር የሆነ ችግኝ እ.ኤ.አ. በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተበረከተ። በ1720ዎቹ ቡና ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1727 ደግሞ ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ብራዚል ገባ። ይህ የዘር ሐረግ «ቲፒካ» ይባላል። ሁለተኛው መንገድ ፈረንሳዮች ከየመን በቀጥታ ወደ ቡርቦን ደሴት፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ሬዩኒየን፣ የወሰዱት ሲሆን የዚህ ሐረግ ስም «ቡርቦን» ነው።

በጥቂት ችግኞች ይህን ያህል መስፋፋት የተቻለው በተክሉ ባሕርይ ነው። አረቢካ የሮቡስታ ቡና እና ዩጂኒዮይድስ የሚባል ሌላ ዝርያ በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ ሲሆን፣ እንደ ወላጆቹ 22 ሳይሆን 44 ክሮሞዞሞች አሉት። ከእነሱ በተለየ በራሱ አበባ ብናኝ ማፍራት ስለሚችል አንድ ተክል ብቻውን ዘር ይሰጣል።

ይህ ባሕርይ ጉዳትም አለው። በውጭ አገር የተስፋፋው አረቢካ የዘር መሠረቱ ጠባብ በመሆኑ አንድ በሽታ ሲነሳ ማሳው ሁሉ በአንድነት ይጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1869 በሲሎን (በዛሬዋ ስሪ ላንካ) የታየው የቡና ቅጠል ዋግ እርሻውን ስላጠፋው አገሪቱ ፊቷን ወደ ሻይ አዞረች።

ጌሻ

ከጊዜ በኋላ በሽታን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ሰብሳቢዎች ወደ ኢትዮጵያ ደኖች ተመለሱ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተወሰደ ናሙና በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) ወደሚገኘው ሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኮስታሪካ፣ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ተሻገረ። የተፈለገው ዋግን ስለሚቋቋም ነበር፤ ቅርንጫፉ ቶሎ ስለሚሰበር ግን ብዙ ገበሬ አልወደደውም። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አሸንፎ በጨረታ ክብረ ወሰን በሆነ ዋጋ ከተሸጠ ወዲህ በዓለም ታወቀ።

የዚህም ቡና ስም በጉዞ ላይ ተለውጧል። «ጌሻ» በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቦታ ስም ነው፤ በካፋ ዞንም ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ። በምርምር መዝገብ ግን «ጌይሻ» ተብሎ ስለተጻፈ ብዙ ሰው ከጃፓን ጋር ያያይዘዋል።

ጥበቃው

ዴቻ ወረዳ ውስጥ የሚገኘው የማንኪራ ደን የቡና መገኛ ተብሎ ይታወቃል። ቦንጋ ከተማ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የዱር አረቢካ ግን በደን መመንጠርና በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች ተመድቧል።

የቡና ዘር እንደ ስንዴ ወይም ገብስ ደርቆ በቅዝቃዜ ለረጅም ዘመን አይቀመጥም። ስለዚህ የዘር ስብስቡ የሚጠበቀው በጅማ ዞን ጮጬ እንዳለው ዓይነት ማሳ ላይ በቁም ተክል ነው። ይህ ማሳ የሚይዘው የተሰበሰበውን ብቻ ነው፤ ያልተሰበሰበው ብዝኃነት በካፋና በአካባቢው ደኖች ውስጥ ነው ያለው። ደኑ ሲመነጠር አብሮ የሚጠፋው ለነገው በሽታና ድርቅ መድኃኒት ሊሆን የሚችለው ዘር ነው።