የኬሚካል ጦርነት በበረሃ

የኬሚካል ጦርነት በበረሃ ማለት መርዛማ ኬሚካሎች በሞቃትና ደረቅ ምድር በሚካሄድ ውጊያ ላይ ሲውሉ፣ ወይም ይውላሉ ተብሎ ሲሰጋ፣ ሠራዊቶች የሚከተሉትን የማጥቃትና የመከላከል መመሪያ (ዶክትሪን) የሚመለከት ርዕስ ነው። በዘመናችን ዋና ምሳሌ ሆነው የሚጠቀሱት የኢራንና የኢራቅ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1980–1988) እና የባሕረ ሰላጤው ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1990–1991) ናቸው።

የበረሃ አየር ጠባይ

ቀን አሸዋው ሲግል አየሩ ወደ ላይ ስለሚነሣ ጋዝ ቶሎ ይበተናል። ሌሊት ምድሩ ሲቀዘቅዝ ግን ዝቅ ብሎ ይቆያል። ነፋሱ ሲዞር ደግሞ መርዙ በተኮሰው ወገን ላይ ሊመለስ ይችላል። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው፣ ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ፣ ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው። በቀዝቃዛ አገር መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በበረሃ ፈጥኖ ይተናል፤ ትነቱም ዓይንና ሳንባን ይጎዳል። በላብ የረጠበ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይበልጥ በቀላሉ ይቃጠላል።

የመከላከያ ልብስ

የመከላከያ ልብስ መርዝን የሚመጥ የከሰል ሽፋን ያለው ሲሆን ከጋዝ ጭምብል፣ ከጓንትና ከጫማ መሸፈኛ ጋር ይለበሳል። ልብሱ ላብ እንዳይተን ስለሚያግድ የሰውነት ሙቀት ይጨምራል፤ ወታደሩ ቶሎ ይደክማል፣ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ማየትና መነጋገርም ያስቸግረዋል። ስለዚህ አንድም ጋዝ ሳይተኮስ ሥጋቱ ብቻ የሠራዊትን ፍጥነት ይቀንሳል። የአሜሪካ ጦር ይህን ለማመዛዘን ልብሱን በደረጃ ከፋፍሏል፦ አደጋው ዝቅ ሲል ልብሱ በቅርብ ይያዛል፣ በመጨረሻው ደረጃ ግን ሁሉም ይለበሳል። ደረጃውን የሚወስነው አዛዥ የመርዝን አደጋ ከሙቀት አደጋ ጋር ማነጻጸር አለበት።

የኢራንና የኢራቅ ጦርነት

የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የከለከለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። ፈራሚዋ ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1935–36 በኢትዮጵያ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን በመጣል ጥሳዋለች። ኢራቅም የፕሮቶኮሉ አባል ሆና ሳለ ከ1983 ጀምሮ በኢራን ወታደሮች ላይ መርዝ ተጠቀመች። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በ1984 የሰናፍጭ ጋዝና ታቡን የተባለው የነርቭ መርዝ ጥቅም ላይ መዋላቸውን አረጋገጡ።

በመጀመሪያ ኢራቅ መርዙን የተጠቀመችበት በብዛት የሚመጣውን የኢራን እግረኛ ጦር ለማቆም ነበር። በ1988 ግን የማጥቃት ዕቅዷ አካል ሆነ፤ በኤፕሪል የፋው ልሳነ ምድርን በሁለት ቀን ውስጥ ስታስመልስ የነርቭ ጋዝ ተጠቅማለች። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በሐለብጃ ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ የኩርድ ሲቪሎች በጋዝ ተገድለዋል። ከጋዙ የተረፉ በርካታ ኢራናውያን ዛሬም በሳንባና በዓይን ሕመም ይሠቃያሉ።

የባሕረ ሰላጤው ጦርነት

ኢራቅ በኦገስት 1990 ኩዌትን ስትወርር በሳዑዲ ዓረቢያ የተሰለፈው ጥምር ጦር ለጋዝ ጥቃት ተዘጋጀ። ወደ 250,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች የነርቭ መርዝን ጉዳት ይቀንሳል የተባለ ክኒን ወሰዱ። የመርዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ በሐሰት ይጮኹ ነበር። የምድር ጥቃቱ የተጀመረው በፌብሩዋሪ 24፣ 1991 በመሆኑ ልብሱን መልበስ ከበጋው ይልቅ ይቻል ነበር።

ኢራቅ በዚህ ውጊያ መርዝ አልተኮሰችም። ለዚህም የከባድ አጸፋ ፍርሃት፣ የመድፍና የመገናኛ መስመሮቿ በአየር ድብደባ መጎዳታቸው፣ እንዲሁም 100 ሰዓት ብቻ የፈጀው ጥቃት ፍጥነት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ዳሩ ግን በማርች 1991 የአሜሪካ ወታደሮች በኻሚሲያ የነበረውን የጥይት መጋዘን ሲያፈነዱ በውስጡ ሳሪን የያዙ ሮኬቶች እንደነበሩ አላወቁም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ወደ 100,000 የሚጠጉ ወታደሮች ለአነስተኛ መጠን መርዝ ሳይጋለጡ እንዳልቀሩ ኋላ ላይ ገመተ።

ዓለም አቀፍ እገዳ

የጄኔቫ ፕሮቶኮል የከለከለው መጠቀምን እንጂ ማምረትና ማከማቸትን አልነበረም። ይህን ክፍተት የዘጋው በጃንዋሪ 1993 በፓሪስ ለፊርማ የቀረበውና ከኤፕሪል 29፣ 1997 ጀምሮ የሚሠራው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት ነው። ኢራቅ የስምምነቱ አባል የሆነችው በ2009 ነው።