ለክንድ ትግል የሚበጀው የትኛው ክብደት ማንሳት ነው?

በገበያ ቀን ከሻይ ቤት ደጃፍ፣ በከተማም በካፌ ጠረጴዛ ላይ ወጣቶች ክርናቸውን ተክለው ሲታገሉ ማየት የተለመደ ነው። በጂም ብረት እያነሳ ክንዱን ያወፈረ ወጣት፣ ቀኑን ሙሉ እርፍ ጨብጦ በሚውል ቀጭን ገበሬ ሲረታ ግን ተመልካች ይገረማል። ነገሩ ምክንያት አለው። በክንድ ትግል መጀመሪያ የሚሸነፈው የእጅ አንጓ ነው። አንጓው ወደ ኋላ ከተቀለበሰ ከላይ ያለው ጡንቻ የቱንም ያህል ቢወፍር ኃይሉን የሚያስተላልፍበት መንገድ ያጣል። ለረጅም ዓመታት በስፖርቱ አናት ላይ የቆየው አሜሪካዊው ጆን ብርዜንክም በክብደት እጅግ የሚበልጡትን ተጋጣሚዎች በመርታት ይታወቃል።

በጂም ቤቶች «ከርል» እየተባለ የሚጠራው፣ ክርንን እያጠፉ ክብደት የማንሳት ልምምድ፣ እንደ መዳፉ አቅጣጫ የሚያሠራው ጡንቻ ይለያያል። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ዋናውን ሸክም የሚወስደው በክንድ ፊት ለፊት ጎልቶ የሚታየው ባይሴፕስ ነው። ይህ ጡንቻ መዳፍን ወደ ራስ የማዞር ሥራም ስላለው፣ ተጋጣሚውን ወደ ውስጥ ጠምዝዞ ለሚስብ ታጋይ ይጠቅማል። አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ መዶሻ እንደተያዘ ሲነሳ ደግሞ ከባይሴፕሱ ሥር ያለው ብራኪያሊስና ከክርን እስከ አንጓ የሚወርደው ብራኪዮራዲያሊስ ይበረታሉ። ታጋዮች ሲጨባበጡ እጃቸው የሚገኘው ከዚህ ጋር በተቀራረበ ሁኔታ ነው። መዳፍ ወደ ታች ሲሆን ባይሴፕሱ ስለሚዳከም የሚነሳው ክብደት ያንሳል፤ የአንጓው የላይኛው ክፍል ግን ይጠነክራል።

ጊዜውና አቅሙ ለሁለት ልምምድ ብቻ የሚበቃ ሰው የመዶሻውን አያያዝና የአንጓ ማጠፍን ቢመርጥ ይሻላል። በመስታወት ፊት የሚያምረው የመጀመሪያው ቢሆንም በጠረጴዛ ላይ የሚፈርዱት እነዚህ ናቸው።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ጀሪካን ራሱ ሚዛን ነው። በጀሪካኑ መያዣ ውስጥ ወፍራም ፎጣ አሳልፎ ሁለቱን ጫፎች በአንድ እጅ በመጨበጥ፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ አድርጎ ማንሳት ይቻላል። ፎጣው ስለሚወፍር ጣቶችም አብረው ይሠራሉ። ለአንጓ ደግሞ ተቀምጦ ክንድን በጭን ላይ ማስደገፍ፣ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ጀሪካኑን ከጉልበት ወዲያ አንጠልጥሎ አንጓን ብቻ ማጠፍ ነው። በ5 ሊትር ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ሊትር መጨመር ይበቃል።

ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት፣ በትግል ጊዜ ክርን እንደ ጂሙ ሙሉ በሙሉ እየተዘረጋ የማይታጠፍ መሆኑን ነው። ታጋዩ የታጠፈውን ክርኑን እንዳይከፈት ይዞ ይቆያል። ሳይንቀሳቀሱ በመያዝ የሚገኝ ጉልበት ደግሞ በአመዛኙ የሚጨምረው በተለማመዱበት የእጥፋት መጠን አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ካነሱ በኋላ፣ በመጨረሻው ላይ ክርንን አጥፎ ለ10 ሰከንድ ያህል መያዝ ተገቢ ነው። ይህን ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን መሥራት ለጀማሪ በቂ ነው። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ስለሚጠነክር መቸኮል በክርን ውስጠኛ ጎን ላይ ሕመም ያመጣል። በአጨዳ ሰሞን ማጭድ ጨብጦ የዋለ እጅ ደግሞ ሥራውን ሠርቷልና ማታ ጀሪካን አያስፈልገውም።

ከልምምዱ ይልቅ አደጋው ያለው በትግሉ ላይ ነው። ታጋዩ እጁ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተገፋ ትከሻውንና ፊቱን ወደ ሌላው ካዞረ፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው አጥንት እንደተጠመዘዘ እንጨት ሊሰበር ይችላል። ጠንካራ ጡንቻ ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ጠምዛዡ ኃይል ይበረታል። መከላከያው ደረትን ወደ እጅ ማዞር፣ ዓይንን ከጭብጡ አለመንቀል፣ እጅ ከትከሻ መስመር ሲወጣም መልቀቅ ነው። ዕድገታቸውን ያልጨረሱ ታዳጊዎች በክርናቸው ውስጠኛ ጎን ያለው አጥንት ገና ስላልጠና ባይታገሉ ይመረጣል።

«ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ክንዱን መጎተትም ሆነ ማሸት አይገባም። በነጠላ ከአንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ከአጥንቱ ኋላ ተጠግቶ የሚያልፍ ነርቭ አለና፣ ተጎጂው አንጓውንና ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሳት ካቃተው ይህንኑ ለባለሙያው መንገር ይገባል።