እንግዴ ልጅ በሰው፣ በአይጥና በሐረር ጅብ

ከሰው አካላት ሁሉ ውለታው ቶሎ የሚረሳ እንግዴ ልጅ ነው፤ ልብና ጉበት ከባለቤታቸው ጋር ኖረው ከባለቤታቸው ጋር ሲያርፉ፣ እርሱ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ ለፅንሱ ሳንባም ኩላሊትም አንጀትም ሆኖ ካገለገለ በኋላ፣ ለሕፃኑ እልል ሲባል ለእርሱ ጉድጓድ ይማስለታልና። ክብደቱ በመውለጃው ጊዜ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ የእናትና የፅንስ ደም እንደማይቀላቀል ተማሪ ሁሉ ያውቀዋልና በዚህ ላይ አልዘገይም።

ሊቃውንተ ሕክምና ይህን አካል ለመመርመር አብዝተው የሚገለገሉት በአይጥ ነው። ምክንያት አላቸው፤ በአይጥም በሰውም የእናት ደም ከሥሩ ወጥቶ የእንግዴ ልጁን ሕዋሳት በቀጥታ ያጥባልና፣ ይህም በላምና በፈረስ የማይገኝ ነገር ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ወዲያ መንገዳቸው ይለያያል። የሰው እንግዴ ልጅ በእናት ደም ውስጥ የተዘረጉ ቅርንጫፎች ሲኖሩት፣ የአይጥ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የስርቻ መረብ ነው፤ በሰው ሁለቱን ደሞች የሚለየው የእንግዴ ልጁ ሽፋን አንድ ድርብ ብቻ ሲሆን በአይጥ ሦስት ነው። የሰው ሕዋሳት የማሕፀንን ጡንቻ እስከ ውስጠኛው ሢሶ ድረስ ዘልቀው የእናትን የደም ሥሮች ያሰፋሉ፣ የአይጥ ግን ጥልቅ አይሄዱም፤ ስለዚህም ይህ ዘልቆ መግባት ሲጎድል በነፍሰ ጡር ላይ የሚመጣው የደም ግፊት በሽታ በአይጥ ላይ በራሱ አይታይም። በሽንት የሚመረመረውን የእርግዝና ሆርሞን አይጥ ጨርሶ አታመነጭም፤ ሴት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ እንቁላል ዕቃዋ ቢወጣ እንኳ እንግዴ ልጇ እርግዝናውን ሲያጸና፣ አይጥ ግን እስክትወልድ ድረስ፣ ማለትም ሃያ ቀን ያህል፣ ያለ እንቁላል ዕቃዋ አትዘልቅም። ይህን ሁሉ ሳይመዝን «በአይጥ ተፈትኗል» ብሎ ለነፍሰ ጡር ጎረቤቱ መድኃኒት የሚመክር ሰው ቢገሠጽ አይከፋውም።

ለሰው እንግዴ ልጅ የቅርብ አምሳያ የሚሻ ሰው፣ ከቤተ ሙከራው አስቀድሞ ወደ ሐረር ቢመጣ ይሻለው ነበር። አሚር ኑር በ16ኛው ምእተ ዓመት ባሠሩት በጁገል ግንብ ሥር ሐረሪዎች ወራባ የሚሉት ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነርሱ እየገባ የከተማውን ጥራጊ ሲለቅም የሚያድረው ይህ ዥንጉርጉር እንስሳ፣ ውሻም ድመትም አንበሳም ያልታደሉትን ይዟል። በእነዚያ ሥጋ በሎች የእናት የደም ሥር ግድግዳ ሳይፈርስ ይቀራል፤ በጅብ ግን ይፈርስና ደሙ እንደ ሰው ቅርንጫፎቹን ያጥባል፤ ልዩነቱ እንግዴ ልጁ እንደ መቀነት ፅንሱን መዞሩ ነው። በፈረንጆች 2019 የታተመ ምርምር እንደሚያመለክተው፣ የጅብ ወገን ከጥንታዊ ቫይረስ የወረሰው አንድ ዘረ መል በዚሁ አካል ውስጥ ይሠራል፤ ሰውም አይጥም በበኩላቸው ከሌሎች ቫይረሶች እንዲሁ ያለ ቅርስ አላቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ጅብን አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት የሚሆን ርኩስ ፍጥረት አድርጎ ያቀርበዋል፤ አርስጣጣሊስ ግን ከዚያ አስቀድሞ ነገሩን ሐሰት ብሎት ነበር፣ ምንም እንኳ የገለጸው ባለ መስመሩን ጅብ እንጂ የእኛን ባይሆን። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም። በፈላና በር አጠገብ ጅብ ሲበላ ሊያዩ ከመጡ እንግዶች መካከል ቆሜ ሳለሁ፣ ከሁሉ ገዝፋ፣ ሌሎቹን ገፍታ ሥጋውን ከእንጨቱ የነጠቀችውን አንዱ ወጣት «ወንዱን እዩት!» ሲል፣ መጋቢው ሳይዞር «እሷ ናት፤ አለቃቸው እሷ ናት» አለው። በጅብ ዘንድ ሴቲቱ ትገዝፋለች፣ ትገዛለችም፤ ኀፍረቷም የወንዱን መስሎ ረዝሞ ይታያል፤ ሽንቷም ሩካቤዋም ወሊዷም በዚያው ነው።

ምስጢሩ በከፊል እዚያው እንግዴ ልጅ ውስጥ ነው። በሰው እንግዴ ልጅ የወንድ ሆርሞኖችን ወደ ሴት ሆርሞን የሚለውጠው ኢንዛይም ብርቱ ነው፤ በጅብ ግን ደካማ በመሆኑ፣ ከእናቲቱ እንቁላል ዕቃ የሚመጣው ንጥረ ነገር ቴስቶስቴሮን ሆኖ ወደ ፅንሱ እንደሚያልፍ በ1993 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች አስረድተዋል። በከፊል ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ ለእርጉዝ ጅቦች የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ የሴት ግልገሎቹ ኀፍረት ቅርጹ ጥቂት ተለወጠ እንጂ አልጠፋምና።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። የመውለጃው መንገድ ታጥፎ የሚሄድና እትብቱ ከሚደርስበት እጅግ የረዘመ በመሆኑ፣ ግልገሉ ሳይወጣ እንግዴ ልጁ ይላቀቃል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ የበኩር ግልገሎች አየር አጥተው ይሞታሉ። በመጀመሪያው ወሊድ የተቀደደው ሥጋ ለሚቀጥሉት መንገዱን ያሰፋላቸዋል፤ ጠባሳውም አይጠፋም፤ ስለዚህ በመብራት አጠገብ የቆመችው ጅብ ወንድ ትሁን ሴት የሚጠራጠር እንግዳ፣ ያንን ጠባሳና ወተት ያጋቱትን ጡቶቿን ይመልከት።