ሁለት ሴሚስተር ደምሮ ለሁለት ማካፈል ጂፒኤ አይደለም

አንድ የማውቀው ልጅ ፍሬሽማን እያለ የሁለተኛ ሴሚስተር ግሬዱን በስልኩ አየና ወዲያው እናቱ ጋ ደወለ። የመጀመሪያው ሴሚስተር 1.75፣ ሁለተኛው 2.25 ነበር። ደምሮ ለሁለት ሲያካፍለው ልክ 2.00 መጣለት። «እማ፣ ተርፌያለሁ» አላት። ከሳምንት በኋላ ሬጅስትራር የሰጠው ወረቀት ግን 1.96 ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ «ማስጠንቀቂያ»።

ሲስተሙ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የልጁ ሂሳብ ነው። ብዙ ተማሪ ደግሞ እንደሱ ነው የሚያሰላው። ስለዚህ ካልኩሌተራችሁን ክፈቱና አብረን እንስራው።

የሴሚስተር ጂፒኤ እንዴት ይሰላል?

በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እያንዳንዱ ግሬድ ነጥብ አለው። ኤ ፕላስም ኤም 4.0 ናቸው። ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3.0፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2.0፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1.0፣ ኤፍ 0።

ነጥቡን በኮርሱ ክሬዲት ሃወር ታባዛላችሁ። የሁሉንም ኮርስ ትደምራላችሁ። ከዚያ በጠቅላላው ክሬዲት ታካፍላላችሁ። አለቀ። ለምሳሌ፦

- ሎጂክ፣ 3 ክሬዲት፣ ቢ ፕላስ = 10.5
- ሳይኮሎጂ፣ 3 ክሬዲት፣ ቢ = 9
- ኢንግሊሽ፣ 3 ክሬዲት፣ ሲ ፕላስ = 7.5
- ማትስ፣ 3 ክሬዲት፣ ዲ = 3
- አንትሮፖሎጂ፣ 2 ክሬዲት፣ ኤ = 8

ድምሩ 38፣ ክሬዲቱ 14። 38 ለ14 ሲካፈል 2.71። ክሬዲቱን ትተን ግሬዶቹን ብቻ ደምረን ለ5 ብናካፍል 2.80 ይመጣ ነበር። ኤ የመጣበት ኮርስ 2 ክሬዲት ብቻ ስለሆነ የሚያነሳው ትንሽ ነው፤ ዲ የመጣበት ማትስ ደግሞ 3 ክሬዲት ስለሆነ ይጎትታል።

ኤፍ ዜሮ ነው ማለት አይቆጠርም ማለት አይደለም። ነጥብ አይጨምርም፣ ክሬዲቱ ግን ማካፈያው ውስጥ ይገባል። ፓስ ወይም ፌል ብቻ የሚባልባቸው ኮርሶች ናቸው ሂሳቡ ውስጥ የማይገቡት።

ኩሙሌቲቩስ?

ያው ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ነጥብ ሁሉ ይደመርና ለክሬዲቱ ሁሉ ይካፈላል። ያ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር 16 ክሬዲት ወስዶ 28 ነጥብ፣ በሁለተኛው 12 ክሬዲት ወስዶ 27 ነጥብ ነበር ያለው። 55 ለ28፣ 1.96። ደካማው ሴሚስተር ብዙ ክሬዲት ስለነበረው ወደ ታች ሳበው።

ቀድሞ ማንሳት ይቀላል

ኩሙሌቲቭ 1.80 ይዛችሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር 15 ክሬዲት ልትወስዱ ነው እንበል። እስካሁን የጨረሳችሁት 15 ክሬዲት ብቻ ከሆነ 2.00 ለመግባት 2.20 ማምጣት ይበቃችኋል። 60 ክሬዲት ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ለዚያው 2.00 የሚጠየቀው 2.80 ነው። ጉድለቱ ያው ነው፤ ዋጋው ግን እየቆየ ይጨምራል። «ሁለተኛ ዓመት ላይ አነሳዋለሁ» የሚባለው ነገር አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የራሳችሁን ለማወቅ፦ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚኖራችሁን ጠቅላላ ክሬዲት በ2 አባዙ፣ አሁን ያላችሁን ነጥብ ቀንሱ፣ የቀረውን በሚቀጥለው ሴሚስተር ክሬዲት አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ማምጣት ያለባችሁ ጂፒኤ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ ኩሙሌቲቩ ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ማለፍ ተጨምሯል። በየሴሚስተሩ ማስጠንቀቂያና መባረር የሚመጣበት ቁጥር፣ ኮርስ ሲደገምም የትኛው ግሬድ እንደሚያዝ የሚወስነው ግን የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን ነው። የዶርም ወሬ ይዛችሁ አትወስኑ፤ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ሴሚስተር 2.00ን አልፏል። እናቱ ጋ የደወለው ግን በካልኩሌተር ሁለት ጊዜ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ግቢ የገባ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ግሬድ ሳይወጣ ሼር አድርጉላቸው።