ልጅዎን ዘጠነኛ ክፍል ከማስመዝገብዎ በፊት

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲሰማ አዳማ ውስጥ ወላጅ ከወላጅ ሲገናኝ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የት ልታስገቢው ነው?» አቅም ያለው ወደ ግል ትምህርት ቤት ያማትራል፤ ልጁ ጎበዝ የሆነለት የአዳሪ ትምህርት ቤቶችን መግቢያ ፈተና ይጠብቃል። የብዙው ልጅ ግን የሚገባው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የትኛው ይሻላል የሚለውም በአብዛኛው በወሬ ይወሰናል። «እዚያ ማትሪክ አላሳለፉም»፣ «እዚያ ረብሻ ይበዛል»፣ «የእገሌ ልጅ ከዚያ ወጥቶ ነው ሐኪም የሆነው» ይባላል። ይህ ሁሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ሆኖም ጎበዝ ልጅ ተቀብሎ ጎበዝ ልጅ የሚሸኘውን ትምህርት ቤት፣ የተቀበለውን ልጅ ከነበረበት ከፍ አድርጎ ከሚሸኘው አይለይልንም። ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ልዩነት ነው።

ተቋሙ ራሱ በቅርብ ዓመታት መልኩን ቀይሯል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ ስምንተኛ ይዘልቅ ነበር፤ ቀጥሎ ዘጠነኛና አስረኛ፣ ከዚያም መሰናዶ ይመጣል። አሁን ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ዘጠነኛ የሚገባ ልጅ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ የውጭ ፈታኝ አያገኘውም። በመካከሉ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ማርክ ሁሉ የራሱ መምህራን አውጥተው የራሱ መምህራን ያረሙት ነው። ካርዱ 85 እያለ ማትሪክ ላይ 35 የሚያመጣ ተማሪ የሚፈጠረው በዚህ ክፍተት ነው። ለዳይሬክተሩ ሊቀርብ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ከዚህ ይወጣል፦ ባለፈው ዓመት በካርድ ከአንድ እስከ አስር የወጡት ማትሪክ ላይ ስንት አመጡ? ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ የትምህርት ቤቱን ካርድ ማመን ይቻላል።

የማትሪኩን ቁጥርም በልክ ማንበብ ያስፈልጋል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት ዙር፣ ማለትም በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዙር፣ 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ብቻ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 የአገሪቱ አማካይ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እንግዲህ «ከመቶ አስር ብቻ አሳለፈ» ተብሎ የሚታማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከአገሪቱ አማካይ በላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

መቶኛው ራሱ የሚደብቀው ነገር አለ። ሁለት ትምህርት ቤቶችን ለምሳሌ እንውሰድ። አንዱ 100 አስፈትኖ 20 አሳለፈ፤ ሌላው 400 አስፈትኖ 40። በመቶኛ የመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን የመጀመሪያው ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ያስገባው 300 ልጆችን ቢሆንና ሁለት መቶዎቹ በየመንገዱ ደግመው፣ አቋርጠው ወይም ወደ ሌላ ተዛውረው ቢቀሩስ? ሁለተኛው ያስገባው 450 ከሆነ፣ ካስገባው መቶ ልጅ ዘጠኝ የሚጠጋውን ለዩኒቨርሲቲ አብቅቷል፤ የመጀመሪያው ሰባት እንኳ አይሞላለትም። ስለዚህ «ስንት በመቶ አሳለፋችሁ?» ከማለት ይልቅ «ዘጠነኛ ከገቡት ስንቱ 12ኛ ደረሱ፤ ከእነሱስ ስንቱ አለፉ?» ማለት ይበጃል።

አዳማ ውስጥ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር፣ ማለትም የኦልማ፣ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። ከክልሉ ልዩ ልዩ አካባቢ ብልጫ ያላቸውን ተማሪዎች በፈተና መርጦ ያስተምራል። የእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ውጤት የመምህራኑ ብቻ አይደለም፤ የወንፊቱም ነው። የመጣውን ሁሉ ከሚቀበል የሰፈር ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ለሁለቱም ፍትሐዊ አይሆንም። ምርጦቹ ሲወሰዱ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ማትሪክ ላይ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉለትን ልጆች ያጣል፤ መምህሩ ግን የሚሠራው ያው ሥራ ነው።

ከማትሪክ ሌላ ብዙ ወላጅ የማይጠይቀው ሰነድ አለ፤ የኢንስፔክሽን ሪፖርት። ምዘናው 26 መለኪያዎች አሉት። ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35 በመቶ፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል። ድምሩ ከ50 በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ አንድ ይባላል፤ ከ50 እስከ 70 ደረጃ ሁለት፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ ሦስት፣ ከ90 በላይ ደረጃ አራት። ወላጅ የድምሩን ደረጃ ብቻ ሰምቶ መመለስ የለበትም። አጥሩ የፈረሰ፣ ወንበር የጎደለው ትምህርት ቤት በግብዓት ቢወድቅም በሂደት፣ ማለትም በማስተማሩና በክትትሉ፣ ጥሩ ነጥብ ሊኖረው ይችላል። ለልጅዎ የዕለት ኑሮ ቅርብ የሆነው ይኸኛው ነጥብ ነው።

አዳማን ከሌሎች የሚለየው ደግሞ የተማሪው ስብጥር ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 220,212 ነዋሪ ነበራት፤ አፍ የፈቱበት ቋንቋ አማርኛ የሆነው ከአምስት ሦስት ያህሉ፣ ኦሮምኛ የሆነው ከአራት አንድ ያህሉ ነበር፤ ጉራጊኛ ተናጋሪውም ጥቂት አልነበረም። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሁሉ ድብልቁ እንደየሥራው ይለያያል። ባቱ ላይ ለአበባ እርሻ ከደቡብ የመጣው ሠራተኛ ልጅ፣ መተሐራ ላይ የስኳር እርሻው ሠራተኛ ልጅና የከረዩ አርብቶ አደር ልጅ፣ ሻሸመኔ ላይ ከአራቱም ማዕዘን የመጣው ነጋዴ ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ።

ይህ ስብጥር ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይሆናል። በኦሮሚያ ልጁ እስከ ስምንተኛ የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፤ አዳማ ላይ ከፊሉ በኦሮምኛ፣ ከፊሉ በአማርኛ ተምሮ ይመጣል። መስከረም ላይ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። መምህሩ ከመጽሐፉ በእንግሊዝኛ ያነብና ፊቶች ሲጨልሙበት ወደሚቀናው ቋንቋ ያዞራል። ማብራሪያው በአማርኛ ከሆነ ከኦሮምኛው ትምህርት ቤት የመጣው፣ በኦሮምኛ ከሆነ ከአማርኛው የመጣው ይቀራል። ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ለዘጠነኛዎች የእንግሊዝኛ ቱቶሪያል ይከፍታል፤ ሴክሽን ሲደለድል ልጆቹን በመጡበት ቋንቋ ለሁለት አይከፍልም። ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ለማወቅ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በር ላይ ቆሞ ሚኒ ሚዲያውን ማዳመጥ ብዙ ይነግራል፦ ማን ያነባል፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ሲቀለድስ ማን ይስቃል?

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ግን በሰፈርዎ ይገኛል። እዚያው ትምህርት ቤት አስረኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ ፈልገው የሒሳብ ደብተሩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። በየገጹ አናት ላይ ያለውን ቀን ይመልከቱ። ሒሳብ በሳምንት ብዙ ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት ሆኖ ከጥቅምት 8 ቀጥሎ ያለው ማስታወሻ የጥቅምት 22 ከሆነ፣ በመካከል ያሉት ቀናት የት ሄዱ? ወይ መምህሩ ቀርቷል፣ ወይ ልጁ ፎርፏል፣ ወይ ስብሰባ ነበር። ቀጥሎ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጉ፤ የቤት ሥራው የታረመው በራይት ምልክት ብቻ ነው ወይስ የተሳሳተው እርምጃ ላይ ተከቦ? ከዚያ ደብተሩን ከመማሪያ መጽሐፉ ማውጫ ጋር ያስተያዩ፤ ታኅሣሥ ላይ ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ከሆኑ መጽሐፉ በሰኔ አያልቅም፤ ማትሪክ ግን ከሁሉም ምዕራፍ ይጠይቃል።

ግቢው ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሕንፃውን ሳይሆን አጠቃቀሙን ይዩ። ቤተ መጻሕፍት ካለ የውሰት መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ፊርማ የመቼ ነው? ላቦራቶሪ ካለ የሙከራ ቱቦዎቹና ብልቃጦቹ ታጥበዋል ወይስ አቧራ ለብሰዋል? በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ የተሰቀለው ፕላዝማ በብዙ ቦታ ግድግዳ ላይ ቀርቷል፤ ዕቃ መኖሩ ብቻ ትምህርት እንዳልሆነ ከዚያ በላይ ምስክር የለም። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? መለኪያው 40 ነው። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ የልጅዎ ፈረቃ የትኛው ነው? በአዳማ ሙቀት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የከሰዓት ክፍለ ጊዜ ይከብዳል። ሴት ልጅ ያለዎት እንደሆነ መጸዳጃ ቤቱ በር፣ መቀርቀሪያና ውኃ እንዳለው ሳያዩ አይውጡ። የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣም ይጠይቁ፤ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ የብዙ ልጆችን ጥርስ ቡናማ ያደረገውም እሱ ነው።

ይህን ለማየት ጊዜው ነሐሴ አይደለም፤ በነሐሴ ትምህርት ቤት ሁሉ ጸጥ ያለና ንጹሕ ነው። ልጅዎ ስምንተኛ ሳለ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ፣ ትምህርት በተጧጧፈበት የሥራ ቀን፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ ይሂዱ። ዩኒት ሊደሩ ኮሪደር ላይ ነው ወይስ ቢሮ? ስንት ክፍል ያለ መምህር ይንጫጫል? ካስመዘገቡ በኋላም ጥያቄው አያበቃም። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ስብሰባ የሚጠራው ስለ መዋጮ ብቻ እንዳይሆን የሚያደርገው የሚጠይቅ ወላጅ ነው። የቀሩ ክፍለ ጊዜዎች ብዛት በየወሩ እንዲነበብ የሚጠይቁ አሥር ወላጆች ካሉ፣ ዳይሬክተሩ መዝገቡን ይዞ መምጣት ይጀምራል፤ መምህሩም መዝገቡ እንደሚነበብ ያውቃል።