ጄኔሬተሩን ሶኬት ላይ አትሰኩት

ሰሞኑን ከግምጃ ቤትም ከእንጅባራም በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርቼ ጄኔሬተሩን ሶኬት ላይ ብሰካው ቤቱን ሁሉ ያበራል አይደል?»

ያበራል። ግን አታድርጉት! ዋናውን ብሬከር ማውረድ ከረሳችሁ ኮረንቲው ወደ ውጭ መስመር ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ በተገላቢጦሽ ሠርቶ 220ውን ወደ 15,000 ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። የተነቀለው ስፒና ጥርስም እጃችሁ ላይ ኮረንቲ እንደያዘ ነው።

መፍትሔው ቼንጅ ኦቨር ነው። እጀታው ወይ መስመሩን ወይ ጄኔሬተሩን ይይዛል እንጂ ሁለቱን ባንዴ አይይዝም። በባለሙያ አስገጥሙት።

አቅሙንም አስቡበት። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 5 ኪሎዋት ብለው የሸጡላችሁ 4 አይሞላም። ምጣድ ብቻውን ከ3 በላይ ይፈልጋል፤ እንጀራውን መብራት ሲመጣ ጋግሩ።

ጄኔሬተሩ ሲሞከር መጀመሪያ ያለ ጭነት ይሙቅ፣ ቮልቱ በቴስተር ይለካ። 220 አካባቢ ከሆነ አምፖል፣ ከዚያ ፍሪጅ። በወር አንዴም አስነስታችሁ በጭነት አሠሩት። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው፤ በረንዳ ላይም ቢሆን አይሆንም፣ ከበርና ከመስኮት ይራቅ።

የጄኔሬተራችሁን ኪሎዋትና የምትጭኑበትን ዕቃ ጽፋችሁ ጠይቁኝ።