ሐኪሙ መስማትን ይማር ዘንድ

አንዲት ሴት ወደ ሐኪም ትገባለች። ራሴን ያመኛል፥ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፥ ምግብ አላሰኝ አለኝ፥ ልቤን ያቃጥለኛል ትላለች። ሐኪሙም ደሟን ያስመረምራል፤ ሆዷን ዳብሶ ያያል፤ ምንም አያገኝም። ክኒን ይጽፍላትና «ደኅና ነዎት፤ አያስቡ» ብሎ ያሰናብታታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ ትመጣለች።

ይህን የመሰለ ነገር ያላጋጠመው ሐኪም ያለ አይመስለንም። ሴትዮዋ ላይ ያደረው ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የመንፈስ ሕመም ከሆነ ግን፥ «አያስቡ» ማለት እግሩ የተሰበረውን ሰው «አያንክሱ» እንደ ማለት ነው።

ይህ ሕመም የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አእምሮ ሐኪም ሳይሆን ወደ ተራው ሐኪም ነው። ታዲያ ተራውን ሐኪም፥ ያውም ደጁ በበሽተኛ የተጨናነቀውን ሰው፥ በንግግር ማከምን ልናስተምረው እንችላለን ወይ? ይህን ጥያቄ ከረጅም ዘመን ጀምሮ የመረመሩት እንግሊዞች ስለ ሆኑ፥ የእነሱን ሙከራ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ሰው ሁሉ የሚመዘገብበት የቤተሰብ ሐኪም አለው። የታመመ ሰው በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል አይሮጥም፤ መጀመሪያ ከዚህ ሐኪም ደጅ ይቆማል። በ1948 መንግሥቱ ሕክምናን ለሕዝቡ በነጻ መስጠት በጀመረ ጊዜ ይህ ደጅ ይበልጡን ተጣበበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማይክል ባሊንት የተባለ ሊቅ ታቪስቶክ በሚባለው የሎንዶን ክሊኒክ ጥቂት የቤተሰብ ሐኪሞችን ሰብስቦ አዲስ ዐይነት ትምህርት ጀመረ። ባሊንት በ1896 በቡዳፔስት የተወለደ፥ አባቱም ተራ ሐኪም የነበረ ሰው ነው፤ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣው በ1939 ነበር።

ትምህርቱ ትምህርት አይመስልም። ሐኪሞቹ በየሳምንቱ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ ስላስቸገረው በሽተኛ ይተርካል። ጓደኞቹም ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ይጠይቁታል፦ ሰውዬው ሲገባ ምን ተሰማህ? ለምን በዚያ ጊዜ ዝም አልህ? ለምን ተቈጣህ? ሐኪም በባልንጀሮቹ ፊት ድካሙን ሲናገር! ይህ በማናቸውም አገር ቀላል ነገር አይደለም። ባሊንት በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ከ14 ሐኪሞች ጋር የሠራውን ሥራ ሲገልጽ ከሁሉ አዘውትሮ የሚታዘዘው መድኃኒት ሐኪሙ ራሱ መሆኑን፥ ነገር ግን የዚህ መድኃኒት ልክና ጉዳት በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አለመጻፉን አስረድቷል። ይህ የባሊንት ማኅበር ዛሬም በብዙ አገር ይገኛል። እክሉ ረጅም ጊዜ መጠየቁ ነው፤ ደግሞም ለድባቴ ብቻ ተብሎ የታሰበ አልነበረም።

ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት አጠር ያለ፥ በደረጃ ሊማሩት የሚቻል መንገድ ፈለጉ። ከነዚህ አንዱ በኦክስፎርድ የተሞከረው ችግርን የመፍታት ሕክምና ነው። አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው።

አንድ ወጣት ጸሐፊ ዕዳ አለበት፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ተኳርፏል፤ የማታ ትምህርቱን ጀምሮ አቋርጧል። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው እንደ አንድ ድንጋይ ደረቱ ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ «አይዞህ» ብሎ አያልፈውም፤ ወረቀት አውጥቶ ችግሮቹን አንድ በአንድ ያስቈጥረዋል። ቀጥሎም ከነዚህ ውስጥ እጁ ሊደርስበት የሚችለውን አንዱን ያስመርጠዋል፤ ዕዳውን እንበል። ከዚያም ሞኝ የሚመስለው እንኳ ሳይቀር ልዩ ልዩ መላ ከራሱ ከበሽተኛው አፍ እንዲወጣ ይጠይቃል። መላ የሚያወጣውም የሚመርጠውም በሽተኛው ነው፤ ሐኪሙ ምክር ለመስጠት የሚቸኵለውን ምላሱን መግታት አለበት። ይህ ለሐኪም ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ይመስለናል። በመጨረሻም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሠራ አንድ ትንሽ ነገር፥ ለምሳሌ አበዳሪውን አግኝቶ በየወሩ ስለ መክፈል መነጋገር፥ ይወሰናል። ሲመለስ ሆነ ወይስ አልሆነም ተብሎ ይመረመራል። ካልሆነም ሌላ መላ ይፈለጋል።

ይህ ሙከራ በ1995 ታተመ። 91 በሽተኞች በዕጣ ከሦስት ተከፍለው ነበር፤ አንዱ ወገን ይህን ሕክምና፥ ሁለተኛው አሚትሪፕቲሊን የተባለውን መድኃኒት፥ ሦስተኛው ኀይል የሌለው ክኒን አገኘ። ከ12 ሳምንት በኋላ በንግግር ከታከሙት ከመቶ 60፥ በመድኃኒቱ ከታከሙት 52፥ ባዶውን ክኒን ከዋጡት 27 ድነው ተገኙ። ካካሚዎቹም መካከል ሁለቱ ሠልጥነው የገቡ የቤተሰብ ሐኪሞች ነበሩ። እንግዲህ ተራው ሐኪም ሊማረው ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሰሜን ሎንዶን 84 የቤተሰብ ሐኪሞች የገቡበት ሌላ ሙከራ ተደረገ። የተማሩት ሐሳብን በመመርመር የሚደረገውን፥ የአሜሪካው ዶክቶር አሮን ቤክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋውን የንግግር ሕክምና ባጭሩ ነው። ሥልጠናው አራት ግማሽ ቀን ነበር። ውጤቱ በ2002 ሲገለጽ እንዲህ ሆነ፦ ከስድስት ወር በኋላ የሠለጠኑት ሐኪሞች ስለ ድባቴ ያላቸው ዕውቀትና አስተያየት ካልሠለጠኑት እምብዛም አልተለየም፤ በበሽተኞቻቸውም ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም።

ይህን የመሰለ ውጤት ሳይሸሽጉ ማተም የሚመሰገን ነው። ምክንያቱን በበኩላችን ስንገምት፥ በኦክስፎርድ ለበሽተኛው ስድስት ቀጠሮ፥ መጀመሪያው አንድ ሰዓት ያህል፥ የቀሩት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተመድቦለት ነበር። በሎንዶን ግን ሐኪሙ ከሥልጠናው ተመልሶ የገባው ባንድ በሽተኛ ዐሥር ደቂቃ ያህል ወደሚሰጠው የዘወትር ሥራው ነው። ጊዜው ሳይለወጥ ሰውየውን ብቻ ለመለወጥ ተፈለገ። ዋናን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሮ ወንዝ ዳር መሸኘት ይህን ይመስላል። እንግሊዝ አገርም ከ2008 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሠለጠኑ አካሚዎችን በብዛት ወደ መቅጠር ዞረች።

ያው ችግርን የመፍታት ሕክምና ግን ካንድ ያልታሰበ ቦታ ብቅ አለ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 ሐኪም ሳይሆኑ በጤና ጣቢያ የሚያገለግሉ 14 አሮጊቶችን አሠለጠነ። አሮጊቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ ባንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ከበሽተኛው ጎን ተቀምጠው ያነጋግሩታል። ሕመሙንም በአገራቸው ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። በ2016 የታተመው፥ 573 ሰዎች የገቡበት ሙከራ እንዳሳየው፥ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ገና ያለባቸው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ፥ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ናቸው።

በእኛም አገር በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ከ2011 በኋላ በተጀመረው ሥራ የጤና መኰንኖችና ነርሶች የአእምሮ ሕመምን በጤና ጣቢያ እንዲያክሙ ሠልጥነዋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ብዙዎች በዚህ መንገድ ሕክምና አግኝተዋል። ድባቴ የያዛቸው ግን ከጤና ጣቢያው በር ገብተው ሲወጡ የሚታወቁት እጅግ ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። እነሱም የሚናገሩት እንደዚያች ሴት ስለ ራሳቸው ምታትና ስለ ወገባቸው ነው።